ኮድ የሚጽፍ ኤአይና የትሬዲንግ ቦት፦ ከድሬዳዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬ ውስጥ ቻርት የሚያይ ወጣት በዝቷል። ከዚራ ጥላ ሥርም፣ ሳቢያን ካፌ ውስጥም፣ ዩኒቨርሲቲው ዶርም ውስጥም ስልኩ ላይ አፍጥጦ ካንድል (ቻርት ላይ የአንድ ጊዜ ክፍል ዋጋ የሚያሳየውን ምልክት) የሚቆጥር አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ ያፈጠጠ ሰው ደግሞ አንድ ቀን "ይኼን ነገር ለምን ማሽን አይሠራልኝም?" ማለቱ አይቀርም። አሁን ኮድ የሚጽፍ ኤአይ ስላለ ጥያቄው ምኞት ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

የኔን አቋም ከአሁኑ ልንገራችሁ። ኤአይ ትርፍ የሚያመጣ ሐሳብ አይሰጣችሁም። ያላችሁን ሐሳብ ቶሎ ፈትኖ ለመጣል ግን እሱን የሚያህል የለም። መልሶቹን በዚህ ዓይን አንብቧቸው።

ኮድ ምንም አልችልም። ኤአዩ ብቻውን ቦት ይሠራልኛል?

ይሠራል። ቦቱም ይነሳል፣ ይገዛል፣ ይሸጣል። ጥያቄው የሚሠራው እናንተ ያላችሁትን ነው ወይ ነው። ኮዱ ውስጥ የአጻጻፍ ስህተት ካለ ቀይ መስመር ይወጣል። የሐሳብ ስህተት ካለ ግን የምታዩት አካውንታችሁ ላይ ነው።

ስለዚህ መጻፍ ባትችሉ እንኳ ማንበብ መቻል አለባችሁ። ሎቱ (የትሬዱ መጠን) የት እንደሚሰላ፣ ስቶፕ ሎሱ (ኪሳራ ሲበዛ ትሬዱ የሚዘጋበት ዋጋ) የት እንደሚቀመጥ፣ "ይህ ከሆነ ግዛ" የሚለው መስመር የቱ እንደሆነ በጣታችሁ ማሳየት ካቃታችሁ ቦቱ ገና የናንተ አይደለም። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ነው፤ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርት አለው። ለማንበብ ያህል ይበቃል።

ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ይቻላል?

የስልኩ ሜታትሬደር (ቻርት የሚታይበትና ትዕዛዝ የሚላክበት መተግበሪያ) ቦት አያሮጥም። 4ም ሆነ 5፣ አንድሮይድም ሆነ አይፎን፣ ያው ነው። ቦት የሚሮጠው ኮምፒውተር ወይም ሰርቨር ላይ ነው። ግን እጃችሁ ባዶ አይደለም። ትሬዲንግቪው በሚባለው የቻርት ድረ ገጽ ላይ ፓይን ስክሪፕት የሚባለው የራሱ ቋንቋ በብራውዘር ይጻፋል፣ ፓይተንም በጉግል ኮላብ በብራውዘር ይሠራል። ያገለገለ ላፕቶፕ ፍለጋ ታይዋን ገበያ ከመውረዳችሁ በፊት ሐሳባችሁን እዚያ ሞክሩት።

በየትኛው ቋንቋ ላሠራው?

ሐሳብ ለመመርመር ፓይተን፣ ምልክቱን ቻርት ላይ ለማየት ፓይን ስክሪፕት፣ ሜታትሬደር ላይ ትዕዛዝ ለመላክ ኤምኪውኤል5። ይኼ የኔ ምርጫ ነው፤ ሌላም መንገድ አለ።

ኤምኪውኤል ላይ ግን ተጠንቀቁ። ኤአዩ 4ን ከ5 ጋር ይደባልቃል፤ የድሮው የ4 ኮድ ኢንተርኔቱን ስለሞላው ነው። አንዱ አደገኛ ቦታ የአማካይ መስመር (ያለፉት ካንድሎች ዋጋ አማካይ) ስሌት ነው። በ4 ላይ አማካዩን የሚጠራው ትዕዛዝ ዋጋውን ራሱን ይመልሳል። በ5 ላይ የሚመልሰው የመለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ዋጋውን በሌላ ትዕዛዝ፣ በኮፒበፈር፣ ማውጣት ያስፈልጋል። ኤአዩ ይኼን ከሳተ ኮዱ ያለ ምንም ቅሬታ ኮምፓይል ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቦቱ የዩሮ/ዶላርን ዋጋ፣ ለምሳሌ 1.08ን፣ ከ10 ወይም ከ11 ጋር ሲያወዳድር ይውላል። ዋጋው መቼም 10 ስለማይደርስ ቦቱ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል፣ እናንተም "ገበያው ሲግናል አልሰጠም" ትላላችሁ። ሥራ ሲጀመር ዋጋዎቹን ሎግ ላይ እንዲያትም አድርጉትና ቻርቱ ላይ ካለው ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ።

ምን ብዬ ነው የማዘው? በአማርኛስ ይገባዋል?

"ትርፋማ ቦት ሥራልኝ" ካላችሁት አንድ ነገር ይሠራላችኋል፤ የሚሠራው ግን ሁሉም ሰው የሚያገኘውን ነው። እንዲህ ብላችሁ ሞክሩት (ኤክስፐርት አድቫይዘር ማለት የሜታትሬደር ቦት ነው፤ ፒፕ ዩሮ/ዶላር ላይ የ0.0001 የዋጋ ለውጥ ነው፤ ብሮከር ትዕዛዛችሁን የሚቀበለው ድርጅት ነው፤ ስፕሬድ የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነት ነው)፦

"ለሜታትሬደር 5 ኤክስፐርት አድቫይዘር ጻፍ። ዩሮ/ዶላር፣ የአንድ ሰዓት ካንድል። ካንድሉ ሲዘጋ ብቻ ወስን። የ20 አማካይ የ50ን ከታች ወደ ላይ ሲያቋርጥ ግዛ። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ትሬድ አትክፈት። ስቶፕ ሎሱ 20 ፒፕ ነው፣ ከትዕዛዙ ጋር አብሮ ይላክ። በአንድ ትሬድ ከአካውንቱ 1% በላይ አታጋልጥ። የሚወጣው ሎት ከብሮከሩ ዝቅተኛ ሎት ካነሰ አትግባ፤ ለምን እንዳልገባህ ሎግ ላይ ጻፍ። ስፕሬዱ ከ2 ፒፕ ከበለጠ አትግባ። በቀን 3% ከከሰርክ እስከ ነገ አቁም። ኮድ ከመጻፍህ በፊት ያልገባህን ጠይቀኝ።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። ኤአዩ መልሶ የሚጠይቃችሁ ነገር ብዙ ጊዜ እናንተም ያላሰባችሁት ነው፦ ትዕዛዙ ውድቅ ቢሆንስ? ገበያው ሰኞ በክፍተት ቢከፈትስ? ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ የተከፈተ ትሬድ ቢያገኝስ?

የሎቱ ነገር ለምን ተጻፈ? 100 ዶላር አካውንት ላይ 1% ማለት 1 ዶላር ነው። 0.01 ሎት በ20 ፒፕ ስቶፕ ደግሞ 2 ዶላር ያጋልጣል። ማለትም ትንሹ ሎት እንኳ ከሕጋችሁ እጥፍ ይበልጣል። በሒሳቡ የሚወጣው 0.005 ነው፤ እንዲህ ያለ ሎት ብዙ ብሮከሮች አይቀበሉም። ካልነገራችሁት ኤአዩ ወደ 0.01 ከፍ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። ሕጉ የተጣሰው እናንተ ሳታውቁ ነው።

አማርኛ ይገባዋል። ግን የግዕዝ ፊደል ብዙ ቶክን (ኤአዩ ጽሑፍ የሚቆጥርበት ቁራጭ) ስለሚበላ የነፃው ኮታ ቶሎ ያልቃል። ሐሳቡን በአማርኛ አስረዱ፣ የተለዋዋጮቹን ስምና የኮዱን ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ይተውላችሁ።

ቦቴ በተሳሳተ ሰዓት ይገባል። ለምን?

አቦ፣ ይኼ የኛው ሰዓት ጉዳይ ነው። "ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ጀምር" ካላችሁት ኤአዩ 04:00 ብሎ ይጽፋል፤ እናንተ ያሰባችሁት 10:00 ነበር። ስድስት ሰዓት ልዩነት። በኛ አቆጣጠር እንዳትነግሩት፤ በዩቲሲ (በዓለም መደበኛ ሰዓት) ንገሩት።

ችግሩ እዚያ ላይ አያበቃም። እኛ ዓመቱን ሙሉ ሰዓት አንቀይርም፣ አውሮፓና አሜሪካ ግን ይቀይራሉ። ለንደን በነሱ 8:00 ሲከፍት ከመጋቢት ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ እስከ ጥቅምት ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ በኛ ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው፤ በቀረው ጊዜ 5 ሰዓት። የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያም እንዲሁ አንዴ ከቀኑ 10:30፣ አንዴ 11:30 ይከፍታል። አሜሪካና አውሮፓ ደግሞ የሚቀይሩበት ቀን አንድ አይደለም፤ በመሃል ሁለቱ የማይገጣጠሙባቸው ሳምንታት አሉ። የብዙ ብሮከሮች ሰርቨር በክፍለ ዓመቱ ከኛ ጋር እኩል ይሆንና በሌላው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

አንድ ተጨማሪ ወጥመድ፦ በሜታትሬደር 5 መሞከሪያ ውስጥ የግሪንዊች ሰዓት የሚሰጠው ትዕዛዝ የሰርቨሩን ሰዓት ነው የሚመልሰው። ስለዚህ በሙከራ ልክ የነበረው ሰዓት በእውነተኛው ገበያ ሊዛባ ይችላል። ኤአዩን በግልጽ ጠይቁት፦ "ይህ ኮድ የትኛውን ሰዓት ነው የሚጠቀመው? በሙከራና በቀጥታ ገበያ ልዩነት አለው?"

ባክቴስቱ (ባለፈው ዋጋ ላይ የተደረገው ሙከራ) አሪፍ ትርፍ ያሳያል። ልጀምር?

አትጀምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ኮዱ ነገን አይቶ ይሆናል የሚል ነው። ካንድሉ ሳይዘጋ የካንድሉን ከፍተኛ ዋጋ የሚጠቀም ኮድ በታሪክ ላይ ነቢይ ነው፤ በቀጥታ ገበያ ላይ ግን ዓይኑ ይጠፋል። ፓይተን ላይ ሲግናሉን በአንድ ረድፍ ማዘግየት የተረሳበት መስመር ብቻ ይህን ያደርጋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ዳታውን መሃል ላይ ቁረጡትና ቦቱን እንደገና አሂዱት። ከቁርጡ በፊት የነበሩት ሲግናሎች ከተቀየሩ ኮዱ ነገን እያየ ነበር። ሁለተኛ መፈተኛ፦ ኤአዩ በዘፈቀደ የሚወጣና የሚወርድ የውሸት ዋጋ እንዲፈጥርላችሁ እዘዙትና ቦቱን በዚያ ላይ ደጋግማችሁ ሞክሩት። የውሸት ዋጋ ላይም ሁሌ የሚያተርፍ ቦት አንድ ቦታ ስህተት አለበት።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ቦቱ ያለፈውን ሸምድዷል የሚል ነው። አምስት ማስተካከያ ያለው ቦት ለእያንዳንዱ አሥር አማራጭ ቢሰጠው 100,000 ጥምረት ይወጣል። ከ100,000 ውስጥ በዕድል ብቻ የሚያምር ግራፍ ያለው አይጠፋም። ኤአይ ሲገባበት ነገሩ ይብሳል። "ጥር ላይ ከሰረ፣ አስተካክለው" ትሉታላችሁ፤ እሱ እሺ ባይ ነው፣ ጥርን የሚያስወግድ ማጣሪያ ይጨምራል። "መጋቢት ላይስ?" ሌላ ማጣሪያ። ማሻሻል የመሰላችሁ ጭውውት ራሱ ሽምደዳ ሆኗል። ከመነሻው የመጨረሻውን አንድ ዓመት ዳታ ደብቁ። ለኤአዩም አትስጡት። ሥራው አለቀ ስትሉ አንድ ጊዜ ብቻ ክፈቱት። ካልሠራ ሐሳቡን ጣሉት፤ ዳታውን አይታችሁ መልሳችሁ ካስተካከላችሁ የተደበቀ ዳታ የላችሁም።

ሦስተኛው ወጪ ነው። ስፕሬዱ 1.5 ፒፕ ከሆነ በ0.01 ሎት አንድ ትሬድ 15 ሳንቲም የአሜሪካ ይበላል። በቀን 20 ጊዜ የሚገባ ቦት 3 ዶላር ከፍሏል። 100 ዶላር አካውንት ላይ ይኼ በቀን 3% ነው፤ ገና ኪሳራ ሳይመጣ።

የአውሮፓ የሴኩሪቲስ ተቆጣጣሪ በ2018 እ.ኤ.አ. እንዲህ ባለው የልዩነት ውል (ሲኤፍዲ፣ ንብረቱ ሳይያዝ በዋጋው ለውጥ ብቻ የሚደረግ) ንግድ ከተራ ደንበኞች አካውንቶች ከ74 እስከ 89 በመቶው እንደሚከስሩ አስታውቆ፣ ሌቨሬጁን (በትንሽ ገንዘብ ብዙ እጥፍ የሆነ ትሬድ መክፈትን) በዋና ዋና ገንዘቦች ላይ በ30 ለ1 ገድቦታል። እኛ ጋ ልጆች 500 ለ1 ሲከፍቱ እሰማለሁ።

ኤአዩ የሰጠኝ ቦት ሲከስር ሎቱን እጥፍ ያደርጋል። ግራፉም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው። ምን ችግር አለው?

ማርቲንጌል ይባላል። ከ0.01 ሎት ተነስቶ አሥር ጊዜ በተከታታይ ከከሰረ ቀጣዩ ትዕዛዝ 10.24 ሎት ነው፤ አንዷ ፒፕ 102 ዶላር ሆነች ማለት ነው። አካውንቱ እዚያ ሳይደርስ ያልቃል። ኮዱ ውስጥ ሎት በ2 የሚባዛበትን መስመር ፈልጋችሁ አስወጡት። "ግሪድ" ወይም "ሪከቨሪ" በሚል ስምም ይመጣል።

መብራት ቢጠፋስ?

ቢጠፋ አይደለም፣ ሲጠፋ በሉት። ድሬ ላይ ሙቀቱም አለ፤ ጥግ ላይ ተዘግቶ ሌሊቱን የሚሮጥ ላፕቶፕ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል።

ዋናው ነገር ስቶፕ ሎሱ የት ነው ያለው የሚለው ነው። ኤአዩ አንዳንዴ "ዋጋው እዚህ ሲደርስ ዝጋ" ብሎ በቦቱ ውስጥ ይጽፈዋል። ይኼ የሚሠራው ቦቱ በሕይወት እስካለ ድረስ ነው። ስቶፑ ከትዕዛዙ ጋር ተልኮ ብሮከሩ ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ ግን መጋላም ከዚራም ቢጨልም ይሠራል።

ሁለተኛው፣ ቦቱ ሲነሳ መጀመሪያ የተከፈተ ትሬድ እንዳለ ይፈትሽ። ካልፈተሸ መብራት በመጣ ቁጥር አዲስ ትሬድ ይከፍታል። ዴሞ (እውነተኛ ገንዘብ የሌለበት መለማመጃ አካውንት) ላይ ሞክሩት፦ ትሬድ ተከፍቶ ሳለ ላፕቶፑን በግድ አጥፉት፣ መልሳችሁ አስነሱት፣ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ለኔትወርኩ ሁለት ሲም ይኑራችሁ። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 አገልግሎቱን መሞከር የጀመረው እዚሁ ድሬ ነው፤ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ይቀጥላል። በቁም ነገር ከሄዳችሁበት ሰርቨር መከራየት ይሻላል።

ትልልቅ ድርጅቶች ባለሙያ አላቸው። እነሱም ይሳሳታሉ?

ናይት ካፒታል የአሜሪካ ትልቅ የአክሲዮን አገናኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 አዲስ ኮድ ስምንት ሰርቨር ላይ መጫን ነበረበት፤ አንዱ ተረሳ። በተረሳው ሰርቨር ላይ የቆየ፣ ከአገልግሎት የወጣ ኮድ ነቃና ያለማቋረጥ ትዕዛዝ መላክ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ቦትም ከነሱ ወገን ነው።

ስለዚህ ከቦቱ ውጭ ያለ ማቆሚያ አሠሩ። በቀን ይህን ያህል ትሬድ ካለፈ፣ ወይም ይህን ያህል ከከሰረ፣ ሁሉን ዘግቶ ቴሌግራም ላይ መልእክት የሚልክ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም። ሁለቱን በአንድ ፋይል እንዳትጽፉት። ኤአዩ ቦቱን ሲያሻሽል ማቆሚያውንም ሳታዩት ሊነካው ይችላል።

ፓስዎርዴን ለኤአዩ መስጠት አለብኝ?

በፍጹም። የኤፒአይ ቁልፍም (ፕሮግራም ወደ አካውንታችሁ የሚገባበት)፣ የብሮከር ፓስዎርድም፣ የቴሌግራም ቦት ቶክንም (የቦቱ መግቢያ ቁልፍ) ቻቱ ውስጥ አይለጠፍም። ኮዱ ከተለየ ፋይል እንዲያነባቸው እዘዙት፤ ፋይሉም ኮድ በሚጋራበት ጊትሃብ ላይ እንዳይወጣ አድርጉ። የክሪፕቶ መገበያያ ቁልፍ ከሆነ ገንዘብ የማውጣት ፈቃዱን ዝጉት።

ስዋፕ (ትሬድ ሲያድር የሚታሰበው ሒሳብ) ወለድ ነው ይባላል። ቦቱን ያለ ስዋፕ ማሠራት ይቻላል?

ሃይማኖታዊውን ፍርድ ኡለማዎቹን ጠይቁ፤ ቦት የሚጽፍ ሰው የሚመልሰው አይደለም። በቴክኒኩ በኩል ሁለት መንገድ አለ። ብዙ ብሮከሮች ስዋፕ የሌለው አካውንት ይሰጣሉ፤ በምትኩ ሌላ ክፍያ መኖር አለመኖሩን ውሉ ላይ አንብቡ። ወይም ቦቱ ቀኑ ከመዞሩ በፊት ሁሉን እንዲዘጋ ታዙታላችሁ። ስዋፕ ያለው አካውንት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ረቡዕ ማታ የሦስት ቀን ስዋፕ በአንዴ ስለሚቆረጥ ባክቴስቱም ይህን መቁጠር አለበት።

ሕጉስ ምን ይላል?

ኮድ መጻፍና በዴሞ መሞከር ማንንም አይነካም። እውነተኛ ገንዘብ ሲገባ ነው ጉዳዩ የሚለወጥ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ዶላር እንደ ልብ ወደ ውጭ ይላካል ማለት አይደለም፤ አሁንም የብሔራዊ ባንክ መመሪያ አለ። ብር ተቀብሎ አካውንታችሁ ላይ ዶላር የሚሞላ ግለሰብ ጋ ስትሄዱ ይህን አትርሱ። ባንኩ በ2014 ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም ሕጋዊ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል።

የሰው ገንዘብ ሰብስቦ በቦት ማንቀሳቀስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የካፒታል ገበያ አገልግሎት መስጠት የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል። "የጎረቤቶቼን ብቻ ነው" አያዋጣም።

ቴሌግራም ላይ "በወር 30 በመቶ" የሚል ዝግጁ ቦት አለ። ልግዛ?

አትግዙ። ቢትኮኔክት የተባለው የክሪፕቶ ድርጅትም የትሬዲንግ ቦት አለኝ እያለ ነበር ገንዘብ የሚሰበስበው፤ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፣ የብዙ አገር ሰዎችን ገንዘብ ይዞ ጠፋ።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ላይ ቦት ይሠራል?

ገበያው የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ግብይቱ ፈቃድ ባላቸው አገናኞች በኩል ያልፋል። ገና ወጣት ገበያ ነው፤ በሰከንድ የሚገባና የሚወጣ ቦት እዚያ ምን እንደሚሠራ አይታየኝም።

ታዲያ ምን ላሠራው?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ትዕዛዝ የማይልክ መሣሪያ አሠሩ። ድሬ የንግድ ከተማ ናት፤ ዋጋ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። ባንኮች በየቀኑ የሚያወጡትን የምንዛሪ ዋጋ በአንድ ሰንጠረዥ ሰብስቦ ጠዋት ጠዋት ለአስመጪ ቴሌግራም ላይ የሚልክ ቦት ቀላል ነው፣ ፈላጊም አለው። የሐረር ቡና የያዘ ነጋዴ ደግሞ የኒውዮርክን የአረቢካ ዋጋ መከታተል ይፈልጋል። በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ዋጋው ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፍ ስልኩ ላይ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ለእሱ ጥቅም አለው። ቦቱ ቢሳሳት የሚጠፋው አንድ መልእክት ነው። እናንተ ግን ዳታ ማምጣትን፣ ሰዓት ማስተካከልን፣ ከብልሽት መነሳትን ተምራችኋል።

ፎሬክስ ላይ ከሆነ ልባችሁ፣ ቦቱ ሲግናሉን ይላክላችሁ፣ ተጫኑ ወይም ተዉ እናንተ ወስኑ። የተዋችሁትንም የተጫናችሁትንም ይመዝግብ። መዝገቡ ከጥቂት ወራት በኋላ ቦቱን ማመን እንዳለባችሁና እንደሌለባችሁ ይነግራችኋል።

ነፃው ኤአይ ይበቃል ወይስ ልክፈል?

ከላይ ለተባለው ሁሉ ነፃው ይበቃል። የሚከፈልባቸው ታዋቂዎቹ በወር 20 ዶላር አካባቢ ናቸው፤ ክፍያውም የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይፈልጋል። መክፈል የሚያዋጣው ኮዱ ብዙ ፋይል ሲሆንና ኤአዩ ራሱ ፋይሎቹን እየከፈተ እንዲያስተካክል ስትፈልጉ ነው። ያን ጊዜም መጀመሪያ ጊት (የኮዱን የቀድሞ ቅጂዎች የሚያስቀምጥ መሣሪያ) ተማሩ፤ ትናንት የሚሠራውን ኮድ ዛሬ ሲያበላሽባችሁ ወደ ኋላ የምትመለሱበት እሱ ነው።